አንድ ፓርቲ፣ ሁለት ሊቀመንበር፦ በአሜሪካ ግዛቶች የፓርቲ መሪ እንዴት ይመረጣል?

በ2024 መጀመሪያ ላይ የሚሺጋን ሪፐብሊካን ፓርቲ ሁለት ሊቀመንበር ነበረው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዷ ክሪስቲና ካራሞ፣ ሌላው ፒት ሁክስትራ። ሁለቱም «ሕጋዊው እኔ ነኝ» ይላሉ። ሁለቱም ለማርች 2 ጉባኤ ጠርተዋል። እሷ ዲትሮይት፣ እሱ ግራንድ ራፒድስ። ጉባኤው ደግሞ የወግ አልነበረም። ሚሺጋን የፕሬዚዳንት ዕጩ ለሚሰየምበት ብሔራዊ ጉባኤ ከምትልካቸው 55 ተወካዮች የ39ኙ ድልድል በዚያ ቀን የሚታወቅ ነበር። ሰው የቱ አዳራሽ ይሂድ? ነገሩ ዳኛ ፊት ደረሰ።

ከውጭ ለሚያይ ግር ይላል። የፓርቲ መሪ ማን እንደሆነ እንዴት ይጠፋል? ምርጫ ተደርጎ የለ እንዴ? ተደርጓል። ችግሩ ያ ምርጫ እኛ በኅዳር ተሰልፈን እንደምንሰጠው ድምፅ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የሚመርጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ለመምረጥ የበቁትም ብዙ ጊዜ ማንም ልብ ሳይላቸው ነው። እኔ እንደሚገባኝ የዚህ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ሊቀመንበር ለመሆን የሚታገል ሰው ሕዝብ አያሳምንም። አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ነው የሚቆጥረው።

መጀመሪያ ግን ሥራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የግዛት ፓርቲ ሊቀመንበር ሲባል ዕጩዎችን የሚሾም አለቃ ይመስለዋል። አይደለም። ለገዥነት ወይም ለሴኔት ማን እንደሚወዳደር የሚለየው በአብዛኛው በፕራይመሪ፣ ማለትም በቅድመ ምርጫ፣ መራጩ ራሱ ነው። ሊቀመንበሩ ማድ ቤቱን ነው የሚመራው። ገንዘብ ያሰባስባል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ የመራጮችን ስምና አድራሻ የያዘው መዝገብ እንዲታደስ ያደርጋል፣ በር የሚያንኳኩ በጎ ፈቃደኞችን ያሰማራል፣ ጉባኤ ይጠራል። ጋዜጠኛ ሲደውልም ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። አንዳንድ ግዛት ደመወዝ አለው፤ ሌላው ጋ በነፃ ነው።

ታዲያ ሰው ለዚህ ለምን ይናከሳል? አንደኛ፣ የግዛት ሊቀመንበር በወንበሩ ብቻ የብሔራዊ ኮሚቴ አባል ይሆናል። የሪፐብሊካን ብሔራዊ ኮሚቴ 168 አባላት አሉት። 50ዎቹ ግዛቶች፣ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተንና 5 የባሕር ማዶ ይዞታዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሰው ይልካሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ሊቀመንበሩ ነው። ሁለተኛ፣ መሰላል ነው። ከ2011 ወዲህ ብሔራዊ የሪፐብሊካን ፓርቲን የመሩትን ተመልከቱ። ሬይንስ ፕሪበስ ከዊስኮንሲን፣ ሮና ማክዳንኤል ከሚሺጋን፣ ማይክል ዋትሊ ከሰሜን ካሮላይና፣ ጆ ግሩተርስ ከፍሎሪዳ። አራቱም ቀድሞ የግዛት ሊቀመንበር ነበሩ። ዲሞክራቶችም ዘንድ ጄይሚ ሃሪሰን ከደቡብ ካሮላይና፣ ከሱ በኋላ በፌብሩዋሪ 2025 የተመረጠው ኬን ማርቲን ደግሞ ከሚኒሶታ መጡ። ማርቲን ያሸነፈው ዋና ተፎካካሪ ቤን ዊክለርም የዊስኮንሲን ሊቀመንበር ነበር። ማንም የማያውቀው ሹመት የሚመስለው ነገር ወደ ላይ የሚያስወጣ በር ነው።

ታችኛው ደረጃ

አሁን ወደ መራጮቹ እንምጣ። መሰላሉ ከታች የሚጀምረው ፕሪሲንክት ከሚባለው ነው። ፕሪሲንክት ማለት በአንድ ድምፅ መስጫ ጣቢያ የሚጠቃለል ሰፈር ነው፤ ጥቂት መንገዶች፣ ጥቂት ሺህ ሰው ወይም ከዚያ ያነሰ። ፓርቲው በየፕሪሲንክቱ ተጠሪ ይኖረዋል። አንዳንድ ቦታ ተጠሪው በቅድመ ምርጫ ቀን በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ስሙ ይወጣል። ሌላ ቦታ ደግሞ የሰፈሩ የፓርቲ ሰዎች ተሰብስበው ይመርጡታል። የፕሪሲንክት ተጠሪዎች የካውንቲውን (ከግዛት በታች ያለውን የአስተዳደር ክፍል) ፓርቲ ኮሚቴ ይመሠርታሉ። ካውንቲው ወደ ግዛቱ ማዕከላዊ ኮሚቴ ወይም ወደ ግዛቱ ጉባኤ ሰው ይልካል። እነዚያ ናቸው ሊቀመንበሩን የሚመርጡት።

እንግዲህ አስቡት። ብዙ የፕሪሲንክት ወንበር ባዶውን የሚቀመጥ ነው። ተወዳዳሪ የለም። ስሙን ያስመዘገበ ሰው ሰተት ብሎ ይገባል። ይህን ቀድሞ ያየ ሰው ትልቅ ነገር ያገኛል። በ2021 የትራምፕ የቀድሞ አማካሪ ስቲቭ ባነን በፖድካስቱ ተከታዮቹን «የፕሪሲንክት ወንበር ያዙ» እያለ ይወተውት የነበረው ለዚህ ነው። ፓርቲን ከላይ ለመቀየር ሚሊዮኖች ማሳመን ያስፈልጋል፤ ከታች ለመቀየር ግን ማክሰኞ ማታ ስብሰባ የሚሰለቻቸው ሰዎች ባሉበት፣ የማይሰለቻቸውን ማምጣት ይበቃል። ዘዴው የቀኝ ክንፉ ብቻ አይደለም። የኔቫዳ ነገር ሲነሳ የግራውንም እናየዋለን።

ከታች ያለው ይህን ከመሰለ፣ ከላይ ያለው ከግዛት ግዛት ይለያያል። የሚሺጋን ሪፐብሊካኖች ተወካዮችን አዳራሽ ሰብስበው በጉባኤ ይመርጣሉ። ኮሎራዶ ምርጫው የማዕከላዊ ኮሚቴው ነው። ቴክሳስ ደግሞ የፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ምን መምሰል እንዳለበት የግዛቱ ሕግ ራሱ ይናገራል፤ ከ31 የሴኔት ቀጠናዎች ከእያንዳንዱ አንድ ወንድና አንድ ሴት። የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች ሊቀመንበራቸውን የሚመርጡት በየሁለት ዓመቱ በሚያደርጉት ትልቅ ጉባኤ ነው። በ2024 ሳን አንቶኒዮ ላይ ኤብርሃም ጆርጅን መርጠዋል።

የግዛት ሕግ እንዲህ የፓርቲ ጓዳ ውስጥ መግባቱ ገደብ አለው። ካሊፎርኒያ በአንድ ወቅት ሕግ አውጥታ የፓርቲ ሊቀመንበር ከሁለት ዓመት በላይ እንዳያገለግል፣ ወንበሩም አንዴ ለሰሜን አንዴ ለደቡብ ካሊፎርኒያ ሰው እንዲዞር አዝዛ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ይህን ሻረው። የፓርቲ አባላት መሪያቸውን የመምረጥ መብት የመደራጀት ነፃነታቸው አካል ነው፤ መንግሥት ያለ በቂ ምክንያት እጁን አያስገባም አለ። ከዚያ ወዲህ የውስጥ ጉዳዩ በአብዛኛው በፓርቲው መተዳደሪያ ደንብ ይወሰናል። ደንቡን ማንም አያነብም። ፀብ ሲመጣ ግን ሁሉም የሚያነበው እሱን ብቻ ነው።

አንድ ያልተጻፈ ደንብም አለ። ፓርቲው የግዛቱን ገዥነት ከያዘ ሊቀመንበሩን በተግባር የሚመርጠው ገዥው ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ እጅ ያወጣል እንጂ ስሙ ቀድሞ ታውቋል። የኒውዮርክ ዲሞክራቶች ሊቀመንበር ጄይ ጄከብስ በገዥ ኩሞ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ካቲ ሆክል ስትመጣም አቆየችው። ስለዚህ እውነተኛ ግብግብ የሚታየው በአብዛኛው ገዥ የሌለው ወይም ምርጫ የተሸነፈ ፓርቲ ውስጥ ነው። አለቃ በሌለበት ቤት ሁሉም አለቃ ነው።

የምርጫው ቀን

ጊዜው ብዙ ቦታ ከኅዳሩ ምርጫ ማግስት እስከ ማርች ባለው ወቅት ላይ ይውላል። የሥራ ዘመኑ ሁለት ወይም አራት ዓመት ነው። ተወዳዳሪዎቹ ከዚያ በፊት ለሳምንታት ስልክ ላይ ናቸው። መራጮቹ ጥቂት መቶ ከሆኑ እያንዳንዱን በስሙ ማወቅ ይቻላል። የማንን ካውንቲ ማን እንደረዳ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ፣ ማን በበረዶ መኪና ነድቶ እንደማይመጣ ሁሉ ይታወቃል።

ቀኑ ሲደርስ የመጀመሪያው ጦርነት ድምፅ መስጠት አይደለም። «ማን ድምፅ ይሰጣል?» የሚለው ነው። የውክልና ማረጋገጫ ኮሚቴ የሚባል አለ። አንድ ካውንቲ ሁለት ቡድን ከላከ የቱ እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። ያልመጣ አባል ሌላ ሰው ወክሎ ድምፅ ማሰጠት ይችል እንደሆነም ደንቡ ይታያል። ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ረፋድ ያልፋል፣ ሰው ይርበዋል፣ አንዳንዱም ይሄዳል። የሚሄደው ማን እንደሆነ ራሱ ውጤት ይቀይራል። ልምድ ያላቸው ደጋፊዎቻቸውን «እንዳትነቃነቁ» ብለው የሚለምኑት በከንቱ አይደለም።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ ሁለቱ ፓርቲዎች ይለያያሉ። የዲሞክራቶች ብሔራዊ ቻርተር በፓርቲ አካላት ውስጥ ምስጢራዊ ድምፅን ይከለክላል። ማን ማንን እንደመረጠ መታየት አለበት፤ ወረቀት ከሆነም ስም ይጻፍበታል። ምክንያቱ ወካይ ለወከላቸው መልስ እንዲሰጥ ነው። በግልባጩ ግን ገዥው ወይም ሴናተሩ ማን እንዳመፀበትም ያያል። እኔ ይሄኛው ጎን ያሳስበኛል፤ በሰላሳ ዓመት አንዴ የሚመጣ አመፅ እንኳ ሳይወለድ ሊጨነግፍ ይችላል። ሪፐብሊካኖች ይህ ክልከላ የለባቸውም። ምስጢራዊ ወረቀት ሲኖር ደግሞ ፊት ለፊት ቃል የተገባለት ሰው ከሳጥኑ ውስጥ ድምፁን ያጣዋል።

ለማሸነፍ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ያስፈልጋል። ሦስት አራት ሰው ከተወዳደረ በአንድ ዙር አያልቅም። ዝቅተኛው ይወጣል፣ ድምፁ ይበተናል፣ ኮሪደር ላይ ድርድር ይጀመራል። በፌብሩዋሪ 2023 ላንሲንግ ላይ ካራሞ ያሸነፈችው በሦስተኛው ዙር ነው። ያሸነፈችው ማንን ነበር? ዶናልድ ትራምፕ የደገፈውን ማቲው ደፐርኖን። ትራምፕ የፓርቲው ትልቁ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከፓርቲው አክራሪ መሠረት የመጡት ተወካዮች ሌላ ሰው መረጡ። ካራሞ ከዚያ ሦስት ወር በፊት ለግዛቱ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት፣ ማለትም የግዛቱን ምርጫ ለሚመራው ሹመት፣ ተወዳድራ በጆሴሊን ቤንሰን በሰፊው ተሸንፋለች። በሕዝብ ምርጫ የማያሸንፍ ሰው በአዳራሽ ምርጫ ሊያሸንፍ ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ መራጮች ናቸውና።

ቁልፉና ካዝናው

ማሸነፍ አንድ ነገር ነው። ፓርቲውን መረከብ ሌላ ነው። ለዚህ የኔቫዳን ያህል ጥሩ ትምህርት የለም።

የኔቫዳ ዲሞክራቶች ለዓመታት በሴናተር ሃሪ ሪድ ዙሪያ በተገነባ ጠንካራ መዋቅር ሲመሩ ኖረዋል። በማርች 2021 ጁዲት ዊትመርና የግራ ዘመም አጋሮቿ ማዕከላዊ ኮሚቴው ውስጥ ሰዎቻቸውን በትዕግሥት አስገብተው የአመራር ወንበሮቹን ጠራርገው ወሰዱ። ደስታው ብዙም አልቆየም። የፓርቲው ሠራተኞች በሙሉ ለቀቁ። ከምርጫው በፊት ደግሞ 450,000 ዶላር ከፓርቲው ካዝና ወደ ዲሞክራቶች የሴኔት ምርጫ ኮሚቴ ተዛውሯል። አዲሶቹ መሪዎች ቁልፉን ተረከቡ፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። የድሮዎቹ የዋሾ ካውንቲ ፓርቲን ተጠግተው ለ2022 ምርጫ የራሳቸውን ጎን ለጎን የሚሄድ ድርጅት አቋቋሙ። ትልልቆቹ ዕጩዎችም ወደዚያ ሄዱ። በ2023 ዊትመር በዳንኤሌ ሞንሮ-ሞሬኖ ተሸንፋ ወጣች።

ይህ የሚሆነው የግዛት ፓርቲ ዋጋው ስሙ ብቻ ስላልሆነ ነው። ለጋሾች፣ የመራጮች መዝገብ፣ ልምድ ያለው ሠራተኛ፣ በቅናሽ የፖስታ ዋጋ ደብዳቤ መላክ የሚያስችለው ሕጋዊ መብት፤ ፓርቲው እነዚህ ናቸው። ለጋሽ ሊቀመንበሩን ካላመነ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ይሰጣል።

ስለ ገንዘብ ከተነሳ ሕጉም የተወዳዳሪውን ማንነት ይወስናል። አንድ ግለሰብ ለግዛት ፓርቲ የፌዴራል ሒሳብ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ መስጠት አይችልም። ለግዛት ምርጫ የሚውለው ገንዘብ ግን በየግዛቱ ሕግ ነው የሚመራው። ዊስኮንሲን ከ2015 ጀምሮ ግለሰብ ለፓርቲ ያለ ገደብ እንዲሰጥ ፈቅዳለች። እዚያ ታዲያ ባለጠጋ ለጋሽ ማሳመን የሚችል ሊቀመንበር ወርቅ ነው። ጆርጂያ ደግሞ በተቃራኒው የታየባት ናት። የዲሞክራቶቹ ሊቀመንበር ኒኬማ ዊሊያምስ የኮንግረስ አባልም ነበረች። የፌዴራል ሕግ የኮንግረስ ሰው ከፌዴራል ገደቡ በላይ የሆነ ገንዘብ እንዳይለምን ይከለክላል። ስለዚህ ሊቀመንበሯ ዋና ሥራዋን በአንድ እጇ ነበር የምትሠራው። ከ2024ቱ ሽንፈት በኋላ ጉምጉምታው ጨመረ፣ ፓርቲው ወንበሩን የሙሉ ጊዜና ደመወዝተኛ ለማድረግ ደንቡን ለወጠ፣ እሷም በ2025 ጸደይ ለቀቀች። በሜይ ቻርሊ ቤይሊ ተመረጠ። ወሬው ሁሉ ስለ አቅጣጫና ስለ ራዕይ ነበር፤ ከሥሩ ግን የሒሳብ ጥያቄ ተቀምጧል።

መሾም ቀላል፣ መሻር ከባድ

አንዳንዱ ሊቀመንበር ሳይገፋ ይሄዳል። የአሪዞናው ሪፐብሊካን ጄፍ ደዊት ለሴኔት ትወዳደር ከነበረችው ከኬሪ ሌክ ጋር ያደረገው ንግግር ቅጂ አፈትልኮ በወጣ ማግስት፣ በጃንዋሪ 2024፣ ለቀቀ። ፓርቲው ቀድሞ የተያዘ ዓመታዊ ስብሰባ ስለነበረው በሦስት ቀን ውስጥ ጂና ስዎቦዳን ተካ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2023 መጨረሻ፣ የፍሎሪዳው ሪፐብሊካን ክርስቲያን ዚግለር ፖሊስ ምርመራ እያደረገበት «አልለቅም» አለ። (በኋላ ክስ አልተመሠረተበትም።) ፓርቲው መጀመሪያ ሥልጣኑን ገፎ ደመወዙን 1 ዶላር አደረገው። ቀጥሎ በጃንዋሪ 2024 ተሰብስቦ አነሳውና ኤቫን ፓወርን መረጠ። እኔ በበኩሌ «አንድ ዶላር እየከፈልንህ ቆይ» ከማለት የባሰ ስንብት አላየሁም።

ከባዱ ግን ግማሹ ፓርቲ የሚደግፈውን ሰው ማውረድ ነው። ወደ ሚሺጋን እንመለስ። ካራሞን በፓርቲው ዕዳና በአመራሯ የተማረሩ የኮሚቴ አባላት ጃንዋሪ 6 ቀን 2024 ተሰብስበው አነሷት። እሷ ስብሰባው ሕገ ወጥ ነው ብላ አልተገኘችም። በሳምንቱ ደጋፊዎቿ ሌላ ስብሰባ አድርገው «ትቀጥል» አሉ። ከዚያ ተቃዋሚዎቿ ሁክስትራን መረጡ። በፌብሩዋሪ የሪፐብሊካን ብሔራዊ ኮሚቴ ለሁክስትራ እውቅና ሰጠ። ፌብሩዋሪ 27 ደግሞ የኬንት ካውንቲ ዳኛ ካራሞ የተነሳችው በአግባቡ ነው ሲል ወሰነ። የዲትሮይቱ ጉባኤ ተሰረዘ። ሰው ግራንድ ራፒድስ ሄደ።

እዚህ ላይ ዳኛው «ማን ይሻላል?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው «ስብሰባው በደንቡ መሠረት ነበር?» ብሎ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚያው ዓመት ኮሎራዶ ይህንኑ ጥያቄ በተገላቢጦሽ መለሰች።

የኮሎራዶ ሪፐብሊካኖች ሊቀመንበር ዴቭ ዊሊያምስ በራሱ ፓርቲ ውስጥ ብዙ ጠላት አፍርቷል። ፓርቲው በቅድመ ምርጫ ጣልቃ እየገባ ለአንዱ ዕጩ ወገነ፣ እሱም ሊቀመንበርነቱን እንደያዘ ለኮንግረስ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ተቃዋሚዎቹ በኦገስት 2024 ብራይተን ከተማ ተሰብስበው አነሱት። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት በጣም የሚበዛው «ይውረድ» አለ። ኢላይ ብሬመርንም በቦታው መረጡ።

ችግሩ ደንቡ ውስጥ ያለች አንድ ሐረግ ናት። ሊቀመንበር ለማንሳት የ60 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ግን የምኑ 60 በመቶ? ከመጡት ወይስ ከመላው ማዕከላዊ ኮሚቴ? ማዕከላዊ ኮሚቴው ከ400 በላይ አባላት ያሉት ነው። ከመጡት ከሆነ ዊሊያምስ ወርዷል። ከሁሉም ከሆነ ደግሞ ቤቱ የቀረ ሰው ሁሉ ለሱ ድምፅ እንደሰጠ ይቆጠራል። ዳኛው በሴፕቴምበር ደንቡን አንብቦ «ከመላው አባል ነው» አለ። የብራይተኑ ስብሰባ ውጤት እንዳልነበረ ሆነ። ብሬመርም ሊቀመንበር አልነበረም ማለት ነው።

ዊሊያምስ እስከ ሥራ ዘመኑ መጨረሻ ቆየ። ድጋሚ አልተወዳደረም። በማርች 2025 ያው ማዕከላዊ ኮሚቴ ተሰብስቦ ብሪታ ሆርንን መረጠ። በዚህ ጊዜ 60 በመቶ አላስፈለገም፤ ለመምረጥ ከግማሽ በላይ ይበቃል።